ሽቅብ የሚገፋ ውሃ

እናቴ ሰው ቤት ስትገባ መጀመሪያ የምታየው ወለሉን ነው። ሰላምታዋን ሳትጨርስ ዓይኗ ከበሩ ወደ ማዕዘኑ፣ ከማዕዘኑ ወደ ግድግዳው ሥር ይሄዳል። የሚያውቋት ለምደውታል፤ የማያውቋት ቤታቸው የቆሸሸ መስሏቸው ይሳቀቃሉ። እሷ ግን ቆሻሻ አትፈልግም። እዚህ ወለል ላይ ውሃ ቢፈስ ወዴት እንደሚሄድ ነው የምታየው። ሃያ ሁለት ዓመት የመሥሪያ ቤት ወለል የጠረገች ሴት ሌላ ምን ታይ?

አሁን ቀኝ እጇ ከትከሻዋ በላይ አይነሳም። ጠዋት ጠዋት ፀጉሯን የማበጥርላት እኔ ነኝ። ጡረታዋ ሊደርስ ዓመት ከአምስት ወር ሲቀረው ሥራዋን ለቀቀች። ለምን ብሎ ሰው ሲጠይቃት «ዕድሜ ነዋ» ትላለች። ዕድሜ አይደለም። እሷ ሆድ ይፍጀው ብላ ትተዋለች፤ እኔ ግን እንደሷ አልተፈጠርኩም።

ከሥራ ሲመለስ ሌላው ሰው አለቃውን ያማል፤ እማዬ የምታማው ሕንፃውን ነበር። ማብሪያ ማጥፊያውን ከበሩ ጀርባ የገጠመውን ሰውዬ አንድ ቀን አግኝታ ብትጠይቀው ደስ ይላት ነበር። በሩን ትከፍቺያለሽ፣ ጨለማ ውስጥ ትገቢያለሽ፣ በሩን መልሰሽ ትዘጊያለሽ፣ ከዚያ ነው መብራቱን የምታገኚው ትለኝ ነበር። የአራተኛው ፎቅ መስኮቶች ወደ ውጭ ስለሚከፈቱ የውጭ መስታወታቸውን ሕንፃው ከቆመ ጀምሮ ያጠበው ዝናብ ብቻ ነው። ዞኮሎው፣ ያ ግድግዳው ሥር የሚለጠፈው ጠባብ እንጨት፣ ላይኛው ጠርዙ ላይ ለውበት ተብሎ ቀጭን ቦይ ወጥቶለታል፤ እማዬ በየሳምንቱ ዓርብ ያንን ቦይ በጥርስ ብሩሽ ትጠርግ ነበር። የእጅ መታጠቢያዎቹ ቧንቧ በጣም አጭር በመሆኑ ባልዲ ከሥሩ አይገባም፤ ስለዚህ ለአምስት ፎቅ የሚሆነው ውሃ በሙሉ ከሕንፃው ጀርባ ካለችው አንዲት ቧንቧ ተቀድቶ በደረጃ ይወጣል። ሁሉንም ቆጥራ ስታበቃ የምትፈርደው ፍርድ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ይህን የሠራ ሰው ጠርጎ አያውቅም።

ባልደረቦቿ እያሾፉ «መሐንዲሷ» ይሏት ነበር። «መሐንዲሷ፣ ዛሬ ደግሞ ምን አገኘሽ?» ይሏታል። እሷም አትቀየምም፤ ያገኘችውን ትነግራቸዋለች።

እኔም የልብስ ሰፊነቱ ሥራ ላይ ሆኜ ይኸው በሽታ ተጋብቶብኛል። የሥራ ጋውኗን መጀመሪያ ያመጣችልኝ ቀን ኪሱን ሳየው ደሜ ፈላ። ክዳን አለው፣ ቁልፍ አለው፣ ውስጡ ግን የለም፤ ጨርቁ ላይ ተሰፍቶ የተደፈነ የውሸት ኪስ ነው። ማን ነው ለፅዳት ሠራተኛ የውሸት ኪስ የሚሰፋው? ፈትቼ እውነተኛ ኪስ አደረግሁላት። የፕላስቲክ ኩባያዋን እዚያ ውስጥ ትይዝ ጀመር። ኩባያዋ የመለኪያ መሣሪያዋ ናት። አዲስ ክፍል ሲሰጧት አንድ ኩባያ ውሃ መሃል ወለሉ ላይ ታፈስና እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ የት እንደሚሄድ ታያለች። ሌላው መወልወያ ይዞ ይጀምራል፤ እሷ ግን ወለሉን ሳትጠይቅ አትጀምርም።

ከሁሉ የባሰው የሦስተኛው ፎቅ መጸዳጃ ቤት ነበር። የውሃ መውረጃው ቀዳዳ በሩ አጠገብ ነው፤ የወለሉ ዝቅታ ደግሞ ወደ ተቃራኒው ግድግዳ። ሰው እጁን በታጠበ ቁጥር ውሃው ከቀዳዳው እየሸሸ ግድግዳው ሥር ይጠራቀማል። በቀን አራት ጊዜ፣ ያንን ውሃ በጎማ መጥረጊያ ሽቅብ ወደ ቀዳዳው መግፋት ነበረባት። ስትገፋው ግማሹ ይመለሳል፤ የተመለሰውን እንደገና ትገፋዋለች። ለሕንፃው አስተዳዳሪ ነገረችው። «እማማ፣ ትንሽ ውሃ ነው፣ ይደርቃል» አላት። በሚቀጥለው ዓመትም ነገረችው፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ትከሻዋን ማመም የጀመራት ያኔ ነው።

ስለ ሰዎቹ ብዙም አታወራም ነበር። አንድ ነገር ብቻ ታነሳለች። ቢሮ ውስጥ ሰዎች ተቀምጠው እየሠሩ ጠረጴዛቸው ሥር ስትወለውል እግራቸውን ያነሱላታል፤ ቀና ግን አይሉም። መወልወያው ሲደርስ እግር ይነሳል፣ ሲያልፍ ይመለሳል፣ ዓይን ከወረቀቱ አይነቀልም። በጫማ የማውቃቸው ሰዎች አሉ፣ ፊታቸውን መንገድ ላይ ባገኘው አልለየውም ትለን ነበር። እየሳቀች ነው የምትለው። እኔና ወንድሜም አብረናት እንስቅ ነበር።

ወንድሜ ታላቄ ነው። የምንኖረው አንድ ክፍል ውስጥ ስለነበር የሷን ወሬ ሳይሰማ ማደር አይችልም፤ መስማቱንም ይወደው ነበር። እሷ ስለ በሩና ስለ መስኮቱ ስታወራ እሱ ደብተሩ ጀርባ ላይ ይስላል። «እንዲህ ቢሆንስ?» ብሎ ያሳያታል፤ እሷም መነጽሯን አድርጋ ትመረምርና ትፈርድለታለች ወይም ትፈርድበታለች። አርክቴክት ሊሆን ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ማንንም አልደነቀውም። መመረቂያ ሥራውን የሠራው ለጠራጊ የሚመች ሕንፃ በሚል ሐሳብ ነበር። ሦስት ቅዳሜ ሙሉ እማዬን አስቀምጦ እየጠየቀ ጻፈ። አሥራ ሁለት ነጥብ ወጣው፤ አሥራ ሁለቱም ከአፏ የወጡ ናቸው። አስተማሪዎቹ ቆመው አጨበጨቡለት ብሎ ሲነግረን እማዬ ፊቷን አዙራ ድስት ከደነች። አለማልቀሷን ድስቱም አላመነም።

ከዓመታት በኋላ የእማዬ መሥሪያ ቤት አዲስ ሕንፃ ሊያሠራ ወሰነ፤ ሥራው የደረሰውም ወንድሜ የሚሠራበት ቢሮ ነው። ፕላኑን እሱ እንዲነድፍ ተሰጠው። የሰማን ዕለት ቤታችን ሠርግ መሰለ። ወንድሜ አንድ ነገር ብቻ ለመናት፤ ለጊዜው ልጄ ነው ብላ ለማንም እንዳትናገር። በዝምድና ያሙኛል አለ። ነገሩ ትንሽ ጎረበጠኝ፤ እሷ ግን እውነቱን ነው ብላ ሁለት ዓመት ሙሉ አፏን ዘጋች። በዚያ ሁሉ ባልደረባ መሃል፣ ልጇ የነደፈው ሕንፃ ሥዕል ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፎ እያየች፣ እንደ ባዳ አቧራውን ትጠርግለት ነበር።

እሷም በበኩሏ አንድ ነገር ለመነችው። ሐኪም ትከሻዋን አይቶ ውሃ መግፋት እንድትተው ነግሯት ነበር። ሕንፃው ሲያልቅ ጡረታዋ ሊደርስ ሁለት ዓመት ይቀረዋል፤ ሁለቱንም ዓመት የምትሠራው አዲሱ ሕንፃ ውስጥ ነው። ወንድሜ እሑድ ሊጠይቀን መጥቶ ምሳ በልተን ስንጨርስ እጁን ያዘችው።

«ሌላውን እንደሚሆን አድርገው» አለችው። «መጸዳጃ ቤቱን ብቻ አደራህን። ውሃው በራሱ ጊዜ ወደ ቀዳዳው ይሂድልኝ። እሱ ከሄደልኝ ሁለቱን ዓመት እጨርሳለሁ። ካልሄደ ትከሻዬ አይጨርስም።»

«እማዬ፣ ይሄማ ይነገረኛል እንዴ?» አላት። ግንባሯን ሳማትና ስልኩ ላይ ጻፈው። ሲጽፍ በዓይኔ አይቻለሁ።

ሕንፃው ሊመረቅ አንድ ቀን ሲቀረው የፅዳት ሠራተኞቹ ቀድመው ገብተው እንዲያዘጋጁት ታዘዙ። ትከሻዋ ስላሳሰበኝ ሱቄን ዘግቼ አብሬያት ሄድኩ። በሕይወቴ እማዬን እንደዚያ ቀን ጠዋት ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም። ባልዲዋን አስቀምጣ እንደ ቤት ገዢ ትዞር ጀመር። በሩን ከፍታ እጇን ስትዘረጋ ማብሪያው እጇ ሥር ተገኘ። «ይህን አስታውሷል» አለችኝ። መስኮቱን ወደ ውስጥ ስባ የውጭውን መስታወት በጨርቅ ነካችው፤ እሱንም አስታውሷል። ዞኮሎው ለስላሳ ነው፣ አቧራ የሚይዝ ቦይ የለውም። ዝቅ ብላ ጣቷን ከጫፍ እስከ ጫፍ ነዳችበትና ጣቷን አሳየችኝ። ፕላኑ ላይ በየፎቁ ለፅዳት ዕቃ የታሰበችው፣ ባልዲ የሚገባበት ዝቅ ያለ ቧንቧ የነበራት ክፍል ግን የኃላፊዎች ሻይ ማፍያ ሆና አገኘናት። እማዬ አለቃ ጠይቆት ነው፣ ምን ያድርግ ብላ አለፈችው።

ከዚያ መሬት ላይ ወዳለው መጸዳጃ ቤት ገባን። እውነቱን ልናገር፣ ያምር ነበር። ግራጫ ሴራሚክ ከበሩ እስከ ግድግዳው፣ መስመሩ ሳይዛነፍ፣ ሳይቆራረጥ ሄዷል። እማዬ ኩባያዋን ከኪሷ አወጣች፣ ሞላች፣ መሃል ላይ አፈሰሰች።

ውሃው ትንሽ ቆመ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ግድግዳው ሄደ። ቀዳዳው በሩ ጥግ ነው።

እማዬ አንዴ በደንብ አላፈሰስኩትም ብላ እንደገና ሞላች። እንደገና ወደ ግድግዳው ሄደ። ደረጃውን ጉልበቷን እየደገፈች ወጥታ አንደኛ ፎቅ አፈሰሰች፣ ሁለተኛ ፎቅ አፈሰሰች፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ። ተከትያት እየወጣሁ ይበቃል ብላት አትሰማኝም። አምስቱም አንድ ዓይነት ነው። የድሮው ሕንፃ አንድ ነበረው፤ ልጇ አምስት አድርጎ ሠራላት። አራተኛው ፎቅ ላይ ኩባያዋን አጥባ፣ በጋውኗ ጠርዝ አድርቃ፣ ወደ ኪሷ መለሰቻት። የሠራተኞች ስህተት ነው አለችኝ። እሱ ሁሉ ቦታ ቆሞ ሊያይ አይችልም፣ ነገ ሰው ሳይሰማ እነግረዋለሁ፣ ያስተካክለዋል አለችኝ። ጠበቃ ቢሆን ገንዘብ አስከፍሎ እንዲህ አይከራከርለትም።

በማግስቱ የምረቃው ቀን እኔ በጥሪ ካርድ ገባሁ። ወንድሜ ካርዱን የላከው ለእኔ ብቻ ነበር። ለእማዬስ ብዬ ብጠይቀው «እሷ እንደሆነ እዚያው ናት» አለኝ። እውነቱን ነው፣ እዚያው ነበረች። አዳራሹ መጨረሻ ላይ ከባልደረቦቿ ጋር በጋውኗ ቆማለች። እኔም ወንበሬን ትቼ ሄጄ አጠገቧ ቆምኩ።

ወንድሜ ሱፉን ለብሶ ወጣና ተናገረ። ሲናገር ያምርበታል፤ አልክድም። ስለ ጥቃቅን ነገሮች ነው የተናገረው። ሕንፃ የሚለካው በከፍታው ሳይሆን እጅ በሚነካው፣ እግር በሚረግጠው ነገር ነው አለ። ስለ ማብሪያ ማጥፊያው ነገራቸው፤ ሳቁ። ስለ ዝናቡና ስለ መስኮቱ ነገራቸው፤ የበለጠ ሳቁ። ሁሉም የእማዬ ቀልዶች ናቸው፤ ልጅ ሆነን ራት ስንበላ የሰማናቸው። እማዬ ከንፈሯ አብሮት ይንቀሳቀስ ነበር። አሁን ይጠራኛል ብላ መሰለኝ ፀጉሯን በሻርቧ ውስጥ ከተተች።

«ይህንን ያስተማረችኝ አንዲት የማውቃት የፅዳት ሠራተኛ ናት» አለ ወንድሜ። ጭብጨባው አዳራሹን ሞላው።

የእማዬ ባልደረቦችም አጨበጨቡ። አንዷ በክርኗ ጎሸም አድርጋት፣ መሐንዲሷ፣ አንቺን የሚመስል ሌላ ሰው አለ ማለት ነው ብላ ሳቀችባት። እማዬ አጨበጨበች። እኔ ግን አላጨበጨብኩም። የማውቃት አለ። እንደ ጎረቤት፣ እንደ መንገድ ላይ ሰው፣ የማውቃት።

ሪባኑ ተቆርጦ፣ መክሰስ ተበልቶ፣ እንግዳው ሁሉ እጁን ሊታጠብ ሲገባና ሲወጣ፣ አስተዳዳሪው ወደ እማዬ መጥቶ ታች ያለው መጸዳጃ ቤት ውሃ እንደያዘ፣ እንግዶች ጫማቸው እየራሰ እንደሆነ ነገራት። የጎማ መጥረጊያዋን ይዛ ገባች፤ ተከትያት ገብቼ መጥረጊያውን ታግዬ እንደተቀበልኳት በሩ ተከፈተና ወንድሜ ገባ። ሲያየን ደነገጠ። በዙሪያው ሰው መኖር አለመኖሩን አየና በሩን ዘጋው።

እማዬ አልቆጣችውም። ኩባያዋን ሞልታ እግሩ አጠገብ ደረቁ ላይ አፈሰሰች። ውሃው ከቀዳዳው ሸሽቶ ወደ ግድግዳው ሄደ፤ ሦስታችንም ቆመን አየነው።

«ሠራተኞቹ ናቸው አይደል?» አለችው። ልብ ብላችሁ ከሆነ፣ መልሱንም አብራ ሰጥታዋለች። አዎ ቢላት ይበቃት ነበር። ወንድሜ ግን ውሸታም አይደለም፤ ምነው ውሸታም በሆነ እላለሁ አንዳንዴ።

«አይደሉም» አላት። «ዝቅታው እንዳልሽኝ ነበር፣ ቀዳዳውም እዚያው ግድግዳው ጋ ነበር። ሴራሚክ መነጠፍ ሲጀምር ቀዳዳው የሴራሚኩን መስመር ሰበረው። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የሚታየው እሱ ሆነ፤ አስቀያሚ ነበር። ስለዚህ ወደ በሩ ጥግ አዛወርኩት።»

«ወለሉ ቀድሞ ዝቅታ ይዞ አልነበረም?»

«ይዞ ነበር።»

«አንጣፊው አልነገረህም?»

«ነግሮኛል።»

«ምን አልከው?»

ወንድሜ የክራባቱን ቋጠሮ ነካካ። «ትንሽ ውሃ ነው፣ ይደርቃል አልኩት።»

እማዬ ይህን ቃል ታውቀዋለች። እኔም አውቀዋለሁ። እሱም ያውቀው ነበር፤ ከአሥራ ሁለቱ ነጥቦች አንዱ ሥር በገዛ እጁ ጽፎት ነበርና። ፊቱ ላይ አንድ ነገር ሲያልፍ አየሁ፤ ከዚያ ግን የተማረ ሰው መልስ አያጣም፣ ተናገረ። ፕላኑ ላይ ልክ ነበር፣ እማዬ፣ ላሳይሽ እችላለሁ አላት።

«እኔ ፕላኑን አልጠርግም፣ ልጄ» አለችው።

ወንድሜ ሥራውን እንድትተወው፣ እሱ እንደሚጦራት፣ ድሮም መተው እንደነበረባት ነገራት። እሷ ደግሞ የሃያ ሁለት ዓመት ሥራዬን በልጄ ሕንፃ ምክንያት ተውኩ ብዬ ለማን ልናገር፣ ልጄ መሆንህንስ ማን ያውቃል አለችው። ድምፅዋን አልጨመረችም። እኔ ነኝ የጨመርኩት። አንዲት የማውቃት ያልካት ሴት ማን ናት ብዬ ጮህኩበት። እማዬ እጄን ያዘችኝ። «ተይው። ዛሬ ቀኑ ነው» አለችኝ።

ያኔ ስልኩ ጠራ። አየው፤ የመሥሪያ ቤቱ ዳይሬክተር ነው መሰለኝ፣ ድምፁ ወዲያው ተስተካከለ። አመሰገነ፣ ሳቀ፣ ስለ መስመሩ ማማር የተነገረውን ተቀበለ። እማዬ ጎማውን ከእጄ ወስዳ ግድግዳው ሥር ያለውን ውሃ ሽቅብ ወደ ቀዳዳው ትገፋ ጀመር። ወንድሜ መንገዱ ላይ ነበር የቆመው። ጎማው እግሩ ጋ ሲደርስ ቆም አደረገችው፤ የሚያያት መስሏት ይሆናል። እሱ ስልኩን ጆሮው ላይ እንዳደረገ ቀኝ እግሩን አነሳ፤ ውሃው አለፈ። ግራ እግሩን አነሳ፤ እሱም አለፈ። ቀና አላለም።